ጥያቄ፦ የጃይሮፕላን ሮተር በእጅ ማስነሳት ይበቃል ወይስ ፕሪሮቴተር ልግጠም?

ጀማሪው (ዴንቨር)
ሰላም ለሁላችሁም። ባለ አንድ ወንበር፣ ቤንሰን ዓይነት ክፍት ጃይሮ (በበረራ ላይ ሮተሩ በነፋስ ብቻ የሚዞር ትንሽ ማሽን) አለኝ። ሮተሩ ባለ ሁለት ብሌድ፣ ዳር እስከ ዳር 23 ጫማ (7 ሜትር)። ባዶ ክብደቱ 241 ፓውንድ ነው። በፓርት 103 (የአሜሪካ የቀላል ማሽኖች ደንብ) ያለ ላይሰንስ እንዲበር ከ254 በታች መሆን አለበት፤ ስለዚህ የቀረኝ 13 ፓውንድ ብቻ ነው። እስካሁን ሮተሩን የማስነሳው በእጅ ነው። ቀስ ብዬ ስነዳ ዙሩ ይጨምራል፤ ትንሽ ነዳጅ ስሰጠው ግን ስቲኩ እጄን ወዲያና ወዲህ ይመታል። ፕሪሮቴተር (ሮተሩን ከመነሳት በፊት የሚያሽከረክር መሣሪያ) ብገጥም ይሄ ነገር ይጠፋል? የትኛው ዓይነትስ ይሻላል?

ጋሽ ሮተር
ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ያንን ምት አቁመው። ስቲክ የሚመታው ብሌዱ ከፍና ዝቅ ማለቱን የሚገድበውን ማቆሚያ ሲደበድብ ነው፤ ብሌድ ፍላፕ የሚሉት እሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወደፊት የሚሄደው ብሌድ የራሱን ፍጥነት ከነፋሱ ጋር ደምሮ ያገኛል፣ ወደኋላ የሚመለሰው ደግሞ ተቀንሶበት። ሮተሩ በደቂቃ 340 ዙር ላይ ሲሆን ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ብሌዶቹ እንደ ሚዛን ከፍና ዝቅ ብለው ያቻችሉታል። በ60 ዙር ግን የብሌድህ ጫፍ በሰከንድ 22 ሜትር ብቻ ነው የሚሄደው። እዚያ ላይ መሬት ላይ 20 ማይል በሰዓት ከሮጥክ ነፋሱ 9 ሜትር ያህሉን ከተመላሹ ይነጥቀዋል። ያኔ አንዱ ብሌድ ወደ ላይ ይዘላል፣ ሌላው ይወድቃል፣ ማቆሚያው ይመታል፣ ምቱም በዘንጎቹ አልፎ እጅህ ላይ ይደርሳል። ከባሰ ብሌዱ የጭራውን ራስ ወይም ፕሮፔለሩን ያገኛል።

ለ7 ሜትር ሮተር የምሰጥህ ቀላል ሂሳብ፦ የሮተሩን ዙር ለ10 አካፍል፤ የሚወጣው ቁጥር መሬት ላይ ልትደፍረው የሚገባ የነፋስ ፍጥነት ነው፣ በማይል በሰዓት። 60 ዙር ከሆነ 6 ማይል፣ 100 ከሆነ 10፣ 150 ከሆነ 15። በሌላ አነጋገር የጫፉ ፍጥነት አንድ ስምንተኛ ማለት ነው። ሆን ብዬ ወደ ጥንቃቄው ያዘነበልኩት ነው። ነፋስ ያልኩትም ከፊት የሚመጣውን ጨምሮ ነው፤ የ5 ማይል ነፋስ እየነፈሰብህ 5 ብትነዳ ሮተሩ 10 ነው የሚያየው።

ስቲኩ ሲመታ ስቲኩን ወዲያው ወደፊት ግፋ፣ ነዳጁን ዝጋ፣ ፍሬን ቀስ ብለህ ያዝ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ዙሩ ይጨምርልኝ» ብሎ ነዳጅ ሲጨምር ነው። በጭራሽ! አንዴ ከመታ ደግሞ ወደ ሃንጋር መልሰህ ማቆሚያዎቹን፣ የመሃሉን ትልቅ ብሎንና ዳዶ፣ የስቲክ ዘንጎቹን ጫፎች፣ የጭራውን አናትና የፕሮፔለሩን ጫፍ በእጅህ እየዳሰስክ እይ።

የጋራዥ ልጅ
ጋሼ ያሉት ልክ ነው፤ ዓይነቶቹን እኔ ልጨምር።

1) ኤሌክትሪክ፦ የመኪና ሞተሪኖ የሚመስል፣ ጥርሱን ሮተሩ ሥር ካለ ኮሮና (ባለ ጥርስ ትልቅ ቀለበት) ላይ የሚወረውር። ለአንተ ዓይነት ማሽን በብዛት የሚገጠመው ይሄ ነው። ሮተሩ ሞተሪኖውን ሲቀድመው ጥርሱ ራሱ ይመለሳል። ችግሩ ክብደት ነው። ሞተሪኖ፣ ኮሮና፣ መያዣ ብረት፣ ወፍራም ሽቦ፣ ሶሌኖይድ (የሞተሪኖው ማብሪያ)፣ ባትሪ... ሁሉንም ከመግጠምህ በፊት የወጥ ቤት ሚዛን ላይ ደምር። 13 ፓውንድ ቶሎ ነው የሚያልቀው። ሽቦውን ለማቅለል ብለህ ብታቀጥነው ደግሞ ቮልቴጁ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ሞተሪኖው ያቃስታል እንጂ ዙር አይሰጥህም። ባትሪውን ወደ ሮተሩ ማስጠጋት ሽቦ ያሳጥራል፤ የማሽኑ ሚዛን ግን ይለወጣልና ተሰቅሎ እንደገና ይለካ። ሞተሪኖ ለረጅም ሥራ አልተሠራም፤ ከ20–30 ሰከንድ በላይ አትጫነው፣ ከዚያ ይቀዝቅዝ። ደግሞም ከቆመ ሮተር ላይ በሙሉ ኃይል አትልቀቀው፣ ጥርስ ይበላል። በእጅህ መጀመሪያ አሽከርክረው፣ ከዚያ ቁልፉን ተጫን።

2) ከሞተር በቺንጋ ወይም በሚነካካ ጎማ ኃይል ተቀብሎ በተጣጣፊ ዘንግ ወደ ላይ የሚወስድ። ከኤሌክትሪኩ የተሻለ ዙር ይሰጣል። ዘንጉ ግን ስቲኩ ወደፊት ሆኖ ሮተሩ ደልደል ሲል ብቻ ነው ቀጥ የሚለው፤ ስቲክ ወደኋላ ስበህ ብታስነሳው ተጣሞ ይቆረጣል። ጎማው ላይ ግሪስ ወይም ውሃ ከነካው ደግሞ ይንሸራተታል፣ ጎማው አብረቅርቆ ይቀራል።

3) ሃይድሮሊክ፦ ጥሩ ነው፣ ለአንተ ግን ከባድ ነው።

በነገራችን ላይ የአውሮፓዎቹ ባለ ሁለት ወንበሮች (ሮታክስ ሞተር የተገጠመላቸው፣ 8.4 ሜትር ሮተር) በአየር ግፊት ፍሪሲዮን ወደ 200 ዙር ያደርሳሉ። ያንን ሮተር በእጅ ላስነሳው ማለት ጀርባ መስበር ነው፤ የእነሱን ቪዲዮ አይተህ ከራስህ ጋር አታወዳድር።

ጀማሪው (ዴንቨር)
አመሰግናለሁ። ለፓራሹት ተጨማሪ 24 ፓውንድ ይፈቀዳል ሲባል ሰምቼ ነበር። እሱን ለፕሪሮቴተሩ ማዋል አይቻልም?

የጋራዥ ልጅ
አይቻልም። የሚፈቀደው ማሽኑን ለሚያወርድ ፓራሹት ብቻ ነው።

ሰማይ ጠገብ
እኔ ከሁለቱም ትንሽ ልለይ። በቀረህ 13 ፓውንድ ላይ ሳትጨነቅ በእጅ ማስነሳቱን በደንብ ተማረው። ፕሪሮቴተር ያለው ሰውም አንድ ቀን ባትሪ ይሞትበታል።

አፍንጫውን ወደ ነፋስ አዙር፣ ፍሬን ያዝ፣ ሞተር በዝቅተኛው ይሁን፣ ቀበቶ ታስሮ። ስቲክ ወደፊት። ከፊትህ ብሌዱ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚያልፈው (ከላይ ሲታይ በሰዓት ተቃራኒ ለሚዞር ሮተር)፤ ስለዚህ ቀኝ እጅ ነው የሚሠራው። የብሌዱን ስስ ጀርባ በጣት አትግፋ፣ ይጣመማል፤ ሥሩ አጠገብ ያለውን ወፍራም ባር በመዳፍህ ግፋ፣ ክንድህ እስከደረሰ ድረስ ከመሃሉ ራቅ ብለህ። ገፍተህ እንደጨረስክ እጅህን ወደ ታች አውርድ፣ ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን አይደለም፤ ሁለተኛው ብሌድ እየመጣ ነው። ከመቀመጫ አትነሳ። ጓንት አድርግ።

ከ60 እስከ 80 ዙር እስክታደርስ አታቁም። የሮተር ታኮሜትር (ዙር ቆጣሪ) ከሌለህ አንዱን ብሌድ ሥሩ ላይ ምልክት አድርግና በ10 ሰከንድ ስንቴ አለፈ ብለህ ቁጠር፤ 10 ጊዜ ካለፈ 60 ዙር ነው። አሁን ስቲኩን ትንሽ ትንሽ ወደኋላ ሳብ። ዙሩ ከጨመረ ነፋሱ ሥራውን ጀምሯል። ከዚያ በሰው እርምጃ መንዳት፣ መጠበቅ፣ እንደገና ትንሽ መጨመር። የሮተሩ ዙር ይምራ፣ የመሬት ፍጥነትህ ይከተል። ነፋስ በሌለበት ጠዋት ይሄ ረጅም ሜዳ ይበላል፤ እንዲያውም ሜዳው ካለቀ ዞረህ ተመለስ እንጂ በነዳጅ አትሸፍነው። 200 ካለፈ በኋላ ስቲክ ሙሉ ለሙሉ ወደኋላ፣ ነዳጅ በቀስታ፤ የፊት ጎማ ሲነሳ ስቲኩን ለቀቅ አድርገህ አፍንጫውን ያዝ።

ክርክሩ አዲስ አይደለም። የስፔናዊው ሁዋን ዴ ላ ሲርቫ ጃይሮ በ1923 ጌታፌ (ስፔን) ላይ ከበረረ በኋላ ሮተሩን በገመድ ጠቅልለው ሰዎች ይጎትቱለት ነበር፤ በኋላ ሲ 19 በተባለው ማሽኑ ላይ ጭራውን የፕሮፔለሩን ንፋስ ወደ ሮተሩ እንዲያዞር አደረገው፤ ቀጥሎ ነው ከሞተር በፍሪሲዮን ማስነሳት የመጣው።

ጋሽ ሮተር
ጥሩ ብለሃል። አንድ ነገር ግን፦ ፕሪሮቴተር ፍላፕን አያጠፋም። የታወቀው ስህተት እንዲህ ነው፤ ሰውየው 150 ያደርሳል፣ ፕሪሮቴተሩን ይለቃል፣ ስቲኩን ወደኋላ መሳብ ይረሳል፣ ነዳጅ ይሰጣል። ስቲክ ወደፊት ሆኖ ንፋስ በሮተሩ ሥር አይገባም፣ ዙሩ ይወርዳል፣ የመሬት ፍጥነቱ ይጨምራል። ትዝ ብሎት በ40 ማይል ሲስብ ብሌዱ ይገለበጣል። ለቀቅክ ማለት ስቲክ ወደኋላ ማለት ነው፤ አንድ እንቅስቃሴ አድርገህ ልመደው።

ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ በረራ ላይ የሮተርህ ዙር ከባህር ጠለሉ በ8 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል፤ 340 የነበረው ወደ 368። አትደንግጥ። ሞተርህ ግን ኃይል አጥቷልና ሜዳውን በረጅሙ አስብ። ይህንን ሁሉ ደግሞ ላይሰንስ አይጠየቅም ብለህ ብቻህን አትሞክረው፤ ጃይሮ የሚያስተምር ሰው አጠገብህ ይቀመጥ፣ ባለ ሁለት ወንበር ላይ።

ጀማሪው (ዴንቨር)
እሺ፣ በእጅ እቀጥላለሁ። ለመቁጠሪያው ምልክት ነጭ ቴፕ ብለጥፍ ይሆናል?

ሰማይ ጠገብ
ሥሩ ላይ ከሆነ ይሆናል፣ ግን ማርከር ይሻላል። ጫፉ ላይ እንዳትለጥፍ፤ አንድ ብሌድ ብቻ ላይ ጥቂት ግራም እንኳ ከጫፍ ካረፈ ስቲኩ በየዙሩ ይንቀጠቀጥብሃል፣ ያኔ ፍላፕ ይሁን የሚዛን ጉድለት መለየት አትችልም።