አንደርድራይቭ ፑሊ ለዕለት መኪና ይጠቅማል ወይስ ጣጣ ነው?

አንድ_ነጥብ_ስምንት

ሰላም ቤቶች። 1.8 ሊትር አራት ሲሊንደር ማንዋል መኪና አለችኝ፣ ጠዋት ስራ የምሄድባት ማታ የምመለስባት፣ ሌላ ስራ የላትም። ሰሞኑን ስለ አንደርድራይቭ ፑሊ ሳነብ ሰነበትኩና ልቤ እዛው ቀረ። ነገሩ ቀላል ነው የሚመስለው፣ ክራንክ ሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ጫፍ ላይ ያለውን ቺንጋ የሚያዞር ከባድ ፑሊ አውጥተህ በትንሽ የአልሙኒየም ፑሊ ትቀይረዋለህ፣ ከዛ ዲናሞውም ውሃ ፓምፑም የመሪው ፓምፕም የኤሲው ኮምፕረሰርም ቀስ ብለው ይዞራሉ፣ ሞተሩ እነሱን ለማዞር ያባክነው የነበረው ጉልበት ለጎማው ይተርፋል። ሻጮቹ ነዳጅም ይቆጥባል ነው የሚሉት።

የኔ ኦርጅናል ፑሊ ዲያሜትሩ 150 ሚሊሜትር ነው፣ ያየሁት ደግሞ 115። ኦርጅናሉም አርጅቷል፣ ጠዋት ጠዋት ቺንጋው ይጮኻል፣ ሚኒሞ ላይም (ነዳጅ ሳልረግጥ ቆማ ስትሰራ) ትንሽ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፣ እና መነካካቱ ካልቀረ አንድ ፊቴን ልቀይረው ብዬ ነው። የሞከራችሁ ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ።

ሻማ_መብራት

እኔ አስገጥሜው ስምንት ወር ነድቼበት መልሼ ያስወጣሁ ሰው ነኝ። የመጀመሪያው ሳምንት ደስ ይላል፣ ነዳጅ ስትረግጥ ሞተሩ ቶሎ የሚነሳ ይመስልሃል፣ ወይም ብሬን አውጥቼበት ስለነበር ነው የመሰለኝ 😅

ከዛ የዝናብ ጊዜ መጣ። ማታ ነው፣ መንገዱ ተጨናንቋል፣ የፊት መብራት በርቷል፣ ዋይፐር ይሰራል፣ የኋላ መስታወት ማሞቂያው በርቷል፣ የራዲያተሩ ፋን ይነሳል፣ ፍሬን ይዤ ስቆም መብራቱ ድብዝዝ ይላል ነዳጅ ነካ ሳደርግ ደግሞ ቦግ ይላል፣ ንፋስ እንዳገኘው ሻማ። በማግስቱ ሁሉንም አብርቼ በቴስተር ስለካው ሚኒሞ ላይ 12.3 ቮልት! ሞተር ተነስቶ 12.3 ማለት ዲናሞው አቅቶት ባትሪው ነው መኪናዋን የተሸከማት። ስድስት ወር ሳይሞላ ባትሪው አረፈ። አዲስ ባትሪ ገዝቼ ደግሞ ሁለት ወር ነዳሁ፣ ግትርነት ነዋ።

ቀድሜ ሂሳቡን ብሰራው ኖሮ አይገርመኝም ነበር። ያንተን ልስራልህ። የዲናሞው ፑሊ 55 ሚሊሜትር ነው እንበል፣ ሚኒሞህ 750 ዙር። በኦርጅናሉ ዲናሞው ወደ 2045 ዙር ይዞራል። በ115ቱ ግን 1568። ወደ 23 ከመቶ ቀነሰ ማለት ነው፣ የቀነሰው ደግሞ ዲናሞ ገና ትንፋሽ የሚያገኝበት ቦታ ላይ ነው፣ ብዙዎቹ ደህና አምፔር የሚሰጡት እዛ አካባቢ ሲያልፉ ነው። ሀይዌይ ላይ ብቻ የምትነዳ ከሆነ ችግሩን ላታየው ትችላለህ። ከተማ ውስጥ ግን ግማሹ ጊዜህ ቆመህ ነው የሚያልፈው። መሪው ደግሞ ስታቆም እንደ ድንጋይ ይከብዳል፣ ኤሲውም ቆመህ እያለ አየር ብቻ ነው የሚነፋው።

ጎማ_ቀለበት

የባትሪው ነገር እውነት ነው፣ ግን ባትሪ ይገዛል። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው፣ ያ ከባድ ፑሊ ፑሊ ብቻ አይደለም።

በብዙ ሞተሮች ላይ እሱ እቃ ሶስት ነገር ነው፣ መሃሉ ብረት፣ ዙሪያው ሌላ ከባድ የብረት ቀለበት፣ በመሃላቸው ደግሞ ተጣብቆ የሚይዛቸው ጎማ። ሃርሞኒክ ባላንሰር ወይም ዳምፐር የሚባለው እሱ ነው። አንዱ ሲሊንደር ውስጥ ነዳጅ በፈነዳ ቁጥር ክራንክ ሻፍቱን ትንሽ ይጠመዝዘዋል፣ ክራንኩ ደግሞ ብረት ቢሆንም እንደ ስፕሪንግ ተመልሶ ይፈታል፣ ይጠመዘዛል ይፈታል፣ በሰከንድ በጣም ብዙ ጊዜ። የሆነ ዙር ላይ ሲደርስ ይሄ መጠማዘዝ ከራሱ ከክራንኩ ንዝረት ጋር ይገጥምና እየተደራረበ ይጎላል። ያኔ ያ ከባድ ቀለበት በጎማው ላይ ወደ ተቃራኒው እየተጎተተ ጉልበቱን ወደ ሙቀት ይቀይረዋል። አልሙኒየሙን ስታስገባ ይሄን ነው የምትጥለው።

እና ልብ በል፣ ይሄ ንዝረት የመጠማዘዝ ስለሆነ ወንበር ላይ ተቀምጠህ አይሰማህም። ስለዚህ «ሁለት ዓመት ነዳሁበት ምንም አልሆነም» የሚልህን ሰው አትስማው፣ እሱ የሚሰማበት ጆሮ የለውም። የሚሰማው ክራንኩ ነው፣ ድካም እየተጠራቀመ ሄዶ ስንጥቅ ይወልዳል። የዘይት ፓምፑ በክራንኩ አፍንጫ ላይ የሚዞር ከሆነ ደግሞ የፓምፑ ጥርስ ሊሰበር ይችላል፣ ያኔ ዘይት ቀረ ሞተር ቀረ። በጣም የሚያሰጋው ክራንካቸው ረጅም የሆኑትን፣ ስድስት ሲሊንደር በአንድ መስመር የተደረደሩትን ነው። ያንተ አራት ስለሆነ አጭርና ጠንከር ያለ ነው፣ ግን ፋብሪካ ሳንቲም የሚቆጥር ነገር ነው፣ ባያስፈልገው ጎማውን አያስገባውም።

እዚህ ላይ ሰው የሚምታታው ሁሉም ሞተር አንድ ስላልሆነ ነው። ከፋብሪካው ጎማ የሌለው ድፍን ፑሊ ይዘው የሚወጡ አሉ፣ እነሱን ብትቀይር ከዚህ ጉዳይ ነጻ ነህ። እንደ ድሮው ፎርድ ሙስታንግ 5.0 ያሉት ደግሞ ፑሊው ባላንሰሩ ላይ በብሎን የሚታሰር ለብቻው እቃ ነው፣ ፑሊውን ስትቀይር ባላንሰሩ ቦታው ላይ ይቀራል። ብዙ ጥሩ ወሬ የመጣው ከእንደዚህ አይነቶቹ ነው፣ ሻጭ ግን ወሬውን ይዞ ለሁሉም መኪና ይሸጣል።

ቀይ_መስመር

ኧረ እናንተ ደግሞ ሰይጣን አደረጋችሁት 😂 እኔ ለውድድር በማዘጋጃት መኪና ላይ አለኝ፣ አላወጣውም። ግን ምክንያት አለኝ። እኔ የምነዳው ከ5000 እስከ 7000 ዙር ነው። በጠያቂው ቁጥር ሂዱ፣ 6000 ላይ ዲናሞው በኦርጅናሉ ከ16 ሺህ በላይ ይዞራል፣ በትንሹ ፑሊ ወደ 12500። ውሃ ፓምፕም ከልክ በላይ ሲፈጥን ውሃውን መግፋት ትቶ አረፋ ይፈጥራል፣ የመሪው ፓምፕም ዘይቱን ያፈላዋል። እዛ ላይ ማዘግየት መዳን ነው። ትርፉም ያለው እዛው ነው፣ ውሃ ፓምፕ የሚበላው ጉልበት በፍጥነቱ ኩብ (ፍጥነቱ ሶስቴ በራሱ ተባዝቶ) ስለሚሄድ ፍጥነቱን 23 ከመቶ ስትቀንስ የሚበላው ከግማሽ በታች ይወርዳል። ግን መጀመሪያ የሚበላው ራሱ ሚኒሞ ላይ ኢምንት ነው፣ የኢምንት ግማሽ ምን ያደርግልሃል?

ጎማ_ቀለበት እውነቱን ነው፣ የኔም ዳምፐር ያለው ነው፣ ድፍን አልሙኒየም አይደለም። እና ሱፐርቻርጀር (አየር በግድ ወደ ሞተሩ የሚገፋ፣ በቺንጋ የሚዞር እቃ) ያለው ሰው ይሄን እያነበበ ከሆነ፣ የክራንኩን ፑሊ ስታሳንስ ሱፐርቻርጀሩም ይዘገያል፣ ቡስትህን (የሚገፋልህን የአየር ግፊት) ከፍለህ ታወርዳለህ 😂

አንድ_ነጥብ_ስምንት

ወይ ጉድ። እሺ ነዳጁስ? ትንሽም ቢሆን አይቆጥብም?

ጎማ_ቀለበት

ዲናሞ ቀስ ስላለ ያነሰ አይበላም፣ የሚበላው መኪናዋ በምትጠይቀው ኤሌክትሪክ ልክ ነው። 14 ቮልት ላይ 50 አምፔር ከጠየቀች 700 ዋት ነው፣ ፈጥኖ ቢዞርም ቀስ ብሎ ቢዞርም ያችኑ 700 ከነብክነቷ ከሞተሩ ይወስዳል። ኤሲም እንደዛው ነው፣ ስታዘገየው ቅዝቃዜው እስኪደርስ ሳይጠፋ ረዘም ላለ ጊዜ ይሰራል። የሚተርፍህ የፍትጊያዋ ነገር ናት፣ እሷን የጎማህን ንፋስ በማስተካከል ብቻ ታገኛታለህ።

ለመሆኑ ኮፈኑን ከፍተህ ቺንጋው ምን ምን እንደሚያዞር አይተሃል?

አንድ_ነጥብ_ስምንት

አሁን ወርጄ አየሁ፣ አፈርኩ። መሪዋ ኤሌክትሪክ ነው፣ ፓምፕ የሚባል የለም። ቺንጋው ላይ ያሉት ዲናሞ፣ ኤሲ እና ውሃ ፓምፕ ብቻ ናቸው። ለዲናሞና ለውሃ ፓምፕ ብዬ ነው እንዴ ይሄ ሁሉ? ግን ዳምፐር ይኑረው አይኑረው በምን አውቃለሁ?

የድሮ_መካኒክ

ልጄ፣ ሁሉም ደህና ተናግረዋል፣ ግን መጀመሪያ የጻፍከውን ማንም ያየልህ የለም። ቺንጋ ይጮኻል፣ ሚኒሞ ላይ ይንቀጠቀጣል ብለሃል። ሞተሩን አጥፋና በባትሪ መብራት ፑሊውን ፊት ለፊት እየው። ከመሃሉና ከዳሩ መካከል ጥቁር የጎማ ክብ ካለ ዳምፐር ነው። ጎማው ተሰነጣጥቆ ወይም ወደ ውጭ አብጦ ከሆነ መልሱን አገኘህ። ካልታየህ በነጭ ቀለም ከመሃሉ ብረት ጀምረህ ጎማውን አቋርጠህ እስከ ዳሩ ቀጥ ያለ መስመር አስምርበትና እንደወትሮህ ሶስት አራት ቀን ንዳት። ከዛ መስመሩን እየው። አንድ ላይ ካለ ጎማው ይዟል።

አንድ_ነጥብ_ስምንት

ጋሼ እንዳሉኝ አደረግኩ። ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። የዳሩ መስመር ከመሃሉ ሁለት ጣት ያህል ሸሽቷል! ሞተሩ በርቶ ሳየውም ዳሩ ልክ እንደተጣመመ ሳህን ይወዛወዛል። አልሙኒየሙን ትቼዋለሁ፣ ኦርጅናሉን ነው የማዘው። እኔው ልቀይረው ብዬ ነበር፣ የምጠነቀቀው ነገር አለ?

የድሮ_መካኒክ

በጊዜ ማየትህ ጥሩ ነው፣ ቀለበቱ ሙሉ በሙሉ ቢላቀቅ ቺንጋውንም ሌላውንም ይዞ ይሄድ ነበር። እስክትቀይረው ብዙ አትንዳት።

ስታወጣው ፑለሩን (ፑሊ መሳቢያውን) መሃሉ ላይ እሰረው፣ ዳሩን ይዘህ አትጎትት። ይሄኛው ቢበላሽ ግድ የለም፣ አዲሱን ግን አንድ ቀን ለሌላ ስራ ስታወጣው እንዳትረሳ። በመዶሻም እየመታህ አታስገባው። የክራንኩን ብሎን ማንዋሉ (የመኪናዋ የጥገና መጽሐፍ) አዲስ ይሁን ካለ አዲስ ግዛ፣ አንዳንዱ አንዴ ብቻ እንዲጠብቅ የተሰራ ነው። ስታጠብቅ በአየር መፍቻ ሳይሆን በቶርክ መፍቻ፣ ማንዋሉ ባለው ልክ። ፑሊው ላይ ወይም ከጀርባው የሴንሰር ጥርስ ካለ አዲሱ ላይም መኖሩን ሳትገጥመው በፊት እይ። ቺንጋውንም አብረህ ቀይረው፣ በተወዛወዘ ፑሊ ላይ ስለቆየ ጠርዙ ተበልቷል።

ሻማ_መብራት

እኔ ጋ ያ 115 ሚሊሜትር አልሙኒየም አለ፣ የወረቀት መጫኛ አድርጌዋለሁ። እዛ ላይ ግን በጣም ጥሩ ይሰራል 😂