ለአረጋውያን የላመ ምግብን ከምሳ እስከ እራት ስለ ማቆየት

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ የወጥ ቤት ኃላፊ ነኝ። መዋጥ ለሚቸግራቸው ነዋሪዎች የምሳውን ምግብ በብሌንደር አልመን ከፊሉን ወዲያው እናቀርባለን፤ የቀረውን ደግሞ በትልቁ ድስት እንዳለ ምድጃው ላይ አቆይተን ማታ ለብ አድርገን እንሰጣለን። ባለፈው ሳምንት ከእነዚሁ ነዋሪዎች ሁለቱን ተቅማጥ ያዛቸው፤ መንስኤው ምግቡ መሆኑን ባላረጋግጥም እንቅልፍ ነስቶኛል። በሚገባ የበሰለ ምግብ እንዴት ሊያሳምም ይችላል?

መልስ 1፦
ማብሰል አብዛኞቹን ተህዋስያን ቢገድልም፣ ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የተባለው ባክቴሪያ የሚፈጥራቸው ስፖሮች (ሙቀትን የሚቋቋሙ፣ እንደ ዘር ያሉ የባክቴሪያው ቅርጾች) ግን ከፈላ ድስት ሊተርፉ ይችላሉ፤ ምግቡ በዝግታ ሲበርድም ነፍስ ዘርተው ይራባሉ። አደገኛው የሙቀት መጠን ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው ሲሆን፣ የትልቅ ድስት መሐል ላዩ ከቀዘቀዘ በኋላ እንኳ ለሰዓታት በዚሁ ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ማቆየት ግድ ከሆነ ጥልቀት በሌላቸው ሰፋፊ ዕቃዎች ከፋፍላችሁ፣ በ2 ሰዓት ውስጥ ከ60 ወደ 21፣ በቀጣዮቹ 4 ሰዓታት ደግሞ ወደ 5 ዲግሪ አውርዱት። ማታ ለብ ማድረግ ፈጽሞ አይበቃም፤ መሐሉ 75 ዲግሪ መድረሱን በምግብ ቴርሞሜትር ለኩ።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ብሌንደሩ ነው። የበሰለው ምግብ እንደገና በምላጩና በጎማው መካከል ስለሚያልፍ፣ እዚያ የተደበቀ ቆሻሻ ካለ ለሁሉም ሳህን ይዳረሳል፤ በዚያ ላይ ከዚያ በኋላ የሚገድለው እሳት የለም። ከእያንዳንዱ አገልግሎት በኋላ ተፈታትቶ ሊታጠብና ሊደርቅ ይገባዋል።

መልስ 2፦
ነርስ እንደመሆኔ አንድ ነገር ልጨምር። መንስኤው ኖሮቫይረስ የተባለው ትውከትና ተቅማጥ የሚያስከትል ተላላፊ ቫይረስም ሊሆን ስለሚችል ሠራተኞችንም ጠይቁ፤ ትውከት ወይም ተቅማጥ የነበረበት ሰው ምልክቱ ከጠፋ 48 ሰዓት ሳይሞላው ወጥ ቤት መግባት የለበትም። እጅ በሳሙናና በውኃ ይታጠብ፤ የአልኮል ሳኒታይዘር በዚህ ቫይረስ ላይ አስተማማኝ አይደለም። አረጋውያን ፈሳሽ ሲያጡ ፈጥነው ስለሚዳከሙ፣ ብዙዎቹም ተህዋስያንን የሚከላከለውን የጨጓራ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ስለሚወስዱ፣ ለሐኪም ነግራችሁ የሰገራ ምርመራ ይደረግላቸው።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለሐኪሙ ነግሬያለሁ፤ ከነገ ጀምሮም የእራቱን ለብቻው እናበስላለን። ብሌንደሩን ዛሬ ፈትቼ ሳየው ከጎማው ሥር የደረቀ ምግብ አገኘሁ፤ ጎማው እስኪቀየር ድረስ ከአገልግሎት ውጭ አድርጌዋለሁ።