ማርስ ላይ ሰው ይሂድ ወይስ ሮቦት ይበቃል?

ሜሮን (አራት ኪሎ)፦ ትናንት ያቋረጥነውን ክርክር እንቀጥል። እኔ ሮቦት ይበቃል ባይ ነኝ። ስፒሪት የምትባለውን ሮቨር (ማርስ ላይ የምትነዳ ባለ ጎማ ሮቦት) ውሰዱ። በ2004 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ለ90 ቀን ሥራ ተብላ ወረደች። በ2006 የፊት ቀኝ ጎማዋ አልዞር አለ። ወደ ኋላ እየነዷት ጎማውን መሬት ለመሬት ትጎትት ጀመር። በ2007 የሚጎተተው ጎማ ቀዩን አፈር ሲገልጠው ከሥሩ ነጭ ነገር ብቅ አለ። ሲመረመር 90 በመቶ ያህሉ ሲሊካ (አሸዋና መስታወት የሚሠሩበት ማዕድን) ነው። እንዲህ ያለ ሲሊካ የሚከማቸው ፍል ውሃ ወይም የእሳተ ገሞራ እንፋሎት በነበረበት ቦታ ነው። እኛ ምድር ላይ ደግሞ ፍል ውሃ ባለበት ረቂቅ ተሕዋስያን አይጠፉም። ይህን ያገኘችው አንድ እግሯ የማይሠራ ማሽን ናት!

ሄኖክ (ፒያሳ)፦ ሜሪ፣ እሱ እኮ ዕድል ነው። ሰው ቢሆን በአካፋ ጫር አድርጎ በመጀመሪያው ቀን ያየው ነበር። የስፒሪት መንትያ ሮቨር ኦፖርቹኒቲ የማራቶን ርቀት ለመሸፈን 11 ዓመት ፈጅቶባታል። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ የጨረሰው በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ነው። አንድ ትእዛዝ ማርስ እስኪደርስ ራሱ እንደ ርቀቱ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይወስዳል።

ጋሽ ታደሰ (ፍልውሃ)፦ ልጆቼ፣ የሚበላ ያጣ እያለ ለድንጋይ ይህ ሁሉ ገንዘብ?

ሜሮን፦ ጋሼ፣ ገንዘቡ የአሜሪካኖቹ ነው፤ ጥያቄው ግን የእኛም ነው። ድንቅነሽ ያለችበት ከተማ ልጆች ነን። ሕይወት የት የት ተፈጠረ የሚለው እንዴት አይመለከተንም?

ሄኒ፣ ፍጥነቱን አምኜልሃለሁ። የእኔ ፍርሃት ሌላ ነው። ሮቦት ተጠርጎ፣ ተመርምሮ ይላካል። ሰው ግን ባክቴሪያውን በሆዱና በቆዳው ይዞ ነው የሚሄደው። በ2024 ፐርሲቬራንስ የምትባለው ሮቨር ማርስ ላይ ባለው የጄዜሮ ጉድጓድ ውስጥ፣ ድሮ ወንዝ በፈሰሰበት ቦታ፣ የነብር ቆዳ የመሰለ ነጠብጣብ ያለበት ድንጋይ አገኘች። በ2025 ተመራማሪዎቹ የጥንት ሕይወት ምልክት ሊሆን ይችላል አሉ። ሊሆን ይችላል ነው ያሉት፣ ነው አላሉም። ሰው ከረገጠው በኋላ የሚገኘው ተሕዋስ የማርስ ይሁን የእኛ በምን ይለያል?

ሃና (ስድስት ኪሎ)፦ እኔ ጂኦሎጂ ነው የማጠናው። አፋር ውስጥ ያለውን የዳሎልን ፍል ውሃ አስታውሱ። በ2019 አንዱ ቡድን እዚያ ጥቃቅን ተሕዋስያን አገኘሁ አለ። ሌላው ደግሞ በጣም አሲዳማና ጨዋማ በሆኑት ኩሬዎች ውስጥ ምንም ሕይወት የለም አለ። ሁለቱም ቦታው ድረስ ሄደው በእጃቸው ናሙና የወሰዱ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ሰው መሄዱ ብቻውን ክርክር አይቆርጥም። የሚያስፈልገው ጥሩ ላብራቶሪና በደንብ የተያዘ ናሙና ነው።

ሄኖክ፦ በዚህ እስማማለሁ፣ ናሙናው ይምጣ። ግን ፐርሲቬራንስ የሰበሰበችውን ናሙና ወደ ምድር የማምጣቱ የናሳ ዕቅድ እስከ 11 ቢሊዮን ዶላር ሊፈጅ ይችላል ተብሎ ቆሟል። ቻይና በ2028 ገደማ መንኮራኩር ልካ ናሙና ለማምጣት አቅዳለች፤ እሷም ብትሆን የምታመጣው ራሷ ካረፈችበት ቦታ ነው። ነጠብጣብ ካለበት ድንጋይ የተወሰደው ናሙና ቱቦ ውስጥ እንደታሸገ ማርስ ላይ ነው። እሱንስ ማን ሊያመጣው ነው?