ድምፁን የሚያበላሸው ፋይሉ ነው ወይስ ስፒከሩ?

የአቶቴው፦ ሰላም የሀዋሳ ልጆች፣ እስቲ በዚህ እንከራከር። ጓደኛዬ ቤት አሪፍ አምፕሊፋየርና ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች አሉ፣ ዘፈኑን ግን ሁሉንም መናኸሪያ አካባቢ ፍላሽ ላይ ነው ያስጫነው። ስንከፍተው ከበሮው ይደልቃል፣ ሌላው በሙሉ የታፈነ ነው። እሱ ስፒከሩን ልቀይር እያለ ነው፣ እኔ ደሞ መጀመሪያ ዘፈኑን ቀይር እላለሁ። ማናችን ነን ልክ?

ባስ ወዳጅ፦ ስፒከሩ ነው ባክህ። ዲጂታል እኮ 0 እና 1 ነው፣ ዘፈኑ በሰከንድ 128 ኪሎቢት ዳታ ቢይዝ 320 ቢይዝ በጆሮ የሚለየው ሰው የለም። ብሩ ካለው ስፒከር ይግዛበት።

ክራር ሰሚ፦ አልስማማም ወንድሜ። 0 እና 1 መሆኑ ልክ ነው፣ ጥያቄው ግን ከዘፈኑ ምን ያህሉ ተረፈ ነው። ሲዲ ላይ ያለ ዘፈን በሰከንድ 1411 ኪሎቢት ይወስዳል፣ 128 የሆነ ኤምፒ3 ከዛ 11 እጥፍ ያነሰ ነው። ኤምፒ3 የሚጥለው ጆሮ አይሰማውም ብሎ የገመተውን ነው፣ 320 ላይ ብዙ ቦታ ስላለው ግምቱ ይሰራል፣ 128 ላይ ግን ስለሚጠበው የሚሰማውንም መጣል ይጀምራል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ16 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን በጣም ቀጭን ድምፅ ጭራሽ ይቆርጠዋል። ማሲንቆና ጭብጨባ ያለበት ዘፈን ከፍተህ ስማ። ደጋኑ ጭራውን ሲፈትገው ያለው ሻካራ ነገር ይጠፋል፣ ጭብጨባው ጧ ብሎ መምታቱ ቀርቶ ጠርዙ ይሟሟል፣ ሲምባሉ ደሞ ውሃ እንደሚፈስ ሺሺ ይላል። ይሄንን የትኛውም ስፒከር አይመልሰውም፣ እንደውም ጥሩ ስፒከር ይበልጥ ነው የሚያጋልጠው።

ባስ ወዳጅ፦ እኔ ያለኝ በሙሉ ፍላክ የሚባለው ፋይል ነው፣ ለውጥ ግን አልሰማሁም።

ክራር ሰሚ፦ ከየት የመጣ ፍላክ? ፍላክ ምንም አይጥልም፣ ከሲዲ በቀጥታ ከተሰራ ሲዲውን ራሱን ታገኛለህ። ከዩቲዩብ የወረደ ነገር ወደ ፍላክ ከተቀየረ ግን ፋይሉ ይወፍራል እንጂ የተጣለው አይመለስም። ስፔክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ዘፈኑን ስትከፍትበት የድምፁን ስዕል ያሳይሃል፣ ስዕሉ 16 ኪሎኸርዝ ላይ በመቀስ የተቆረጠ ከመሰለ መጀመሪያ ኤምፒ3 ወይ እንደሱ የተጨመቀ ነገር ሳይሆን አይቀርም። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው፣ ዘፈን የሚጭኑ ቤቶች ብር እስከተቀበሉ ድረስ ዘፈኑ ከምን እንደተቀዳ ሊናገሩ ይገባል።

ሐይቅ ዳር፦ የድሮ ዘፈኖች ላይ ግን ቁጥሩ ብቻ አይበቃም። ስንቱ ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጥ ኖሮ፣ ካሴቱ ካለቀ በኋላ ነው ኮምፒውተር ውስጥ የገባው። እሱን 320 ብታደርጉት ፍላክ ብታደርጉት የሚቀመጠው ያው የታፈነው ድምፅ ነው። ዋናው ማስተር ቴፕ ወይ ሸክላው ከተገኘ ግን ያው ዘፈን ሌላ ሆኖ ይመጣል። እና ደሞ የአቶቴው፣ ጓደኛህ በምንድነው የሚያጫውተው? በብሉቱዝ ነው?

የአቶቴው፦ አዎ፣ ፍላሹን ስልኩ ላይ ገልብጦ በብሉቱዝ ነው።

ሐይቅ ዳር፦ በቃ እሱም አለበት። ብሉቱዝ ዘፈኑን እንደገና ይጨምቀዋል፣ የተለመደው የብሉቱዝ መጭመቂያ፣ ኤስቢሲ የሚባለው፣ ቢበዛ ወደ 328 ኪሎቢት አካባቢ ነው። አስቀድሞ የተጨመቀ ነገር ሁለተኛ ሲጨመቅ ይብሳል። በገመድ ይሞክረው።

ባስ ወዳጅ፦ እሺ 128ን ተውኩላችሁ። ታዲያ ከሲዲ የሚበልጥ 24 ቢት 192 ኪሎኸርዝ ፋይል፣ ውድ ዳክ (ዲጂታሉን ወደ ድምፅ ሲግናል የሚቀይር ዕቃ) ምናምን እያሉ ብር የሚያስወጡትስ?

ክራር ሰሚ፦ እዚህ ላይ አብረን ነን። የሲዲው 44.1 ኪሎኸርዝ እስከ 22 ኪሎኸርዝ ያለውን ድምፅ ይይዛል፣ የወጣት ጆሮ ራሱ የሚደርሰው እስከ 20 ነው፣ ዕድሜ ሲጨምር ደሞ ይወርዳል። 24 ቢት ስቱዲዮ ለሚቀዳ ሰው ይጠቅማል፣ ሳሎን ቁጭ ብሎ ለሚሰማ ግን ሲዲ ይበቃዋል። ከዛ በላይ ያለውን ብር ስፒከርና ክፍሉ ላይ ያውል፣ ሴራሚክ ወለል ላይ ምንጣፍ ማንጠፍ ራሱ ከዳክ ይበልጣል።

ባስ ወዳጅ፦ እኔ አሁንም ከ320 በላይ የሚለይ ሰው አለ ብዬ አላምንም።

ክራር ሰሚ፦ እኔም አለ አላልኩም። ክርክሬ ከዛ በታች ባለው ላይ ነው። የአቶቴው፣ አንድ ዘፈን ከኦርጅናል ሲዲ ቀዳና ያንኑ 128 አድርገው፣ ሁለቱን እኩል ድምፅ ላይ አስተካክል፣ ምክንያቱም ጮክ ያለው ሁሌ የተሻለ ይመስላል። ከዛ ጓደኛህ ሳያይ ሌላ ሰው እያቀያየረ ያጫውትለት። ስፒከሩን የሚቀይር ከሆነ ከዛ በኋላ ይወስን።

ባስ ወዳጅ፦ በገመድ ይሁን እንጂ፣ እኔም መጥቼ እሰማለሁ።