ማታ ለውጭ ደንበኛ እየሠሩ ለአለቃ ዝም ማለት፦ መብት ነው ወይስ ድብብቆሽ?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ቤቶች፣ አንድ ነገር እንከራከር። ቀን ቀን አንድ አስመጪ ድርጅት ሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። ማታ ከ1 እስከ 4 ሰዓት ደግሞ ሎስ አንጀለስ ላለች አንዲት የቤት ደላላ ቨርቹዋል አሲስታንት ነኝ። ኢሜይሏን አጣራለሁ፣ ቀጠሮ እይዛለሁ፣ ያልደወለችላቸውን ሰዎች አስታውሳታለሁ። በአሜሪካ በጋ እሷ ጠዋት ቢሮ ስትገባ እዚህ ምሽት 1 ሰዓት ስለሆነ ከሥራዬ ጋር አይጋጭም። ስምንት ወር ሆነኝ፤ መሥሪያ ቤት ማንም አያውቅም። ባለፈው ሳምንት ግን ከሌላ ክፍል አንድ ልጅ ተጠርቶ «ጎን ለጎን ምን ትሠራለህ?» ተባለና ማስጠንቀቂያ ተጻፈለት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ደሞዝተኛ ሰው የምሽት ሥራውን ለቀጣሪው መናገር አለበት? ወይስ አይመለከታቸውም?

ሌሊት ሠሪው፦
አይመለከታቸውም! አለቃሽ ሱሉልታ ላይ ዶሮ ቢያረባ መጥቶ ይነግርሻል? እስቲ ቁጥር እናውራ። በሳምንት 15 ሰዓት፣ በሰዓት 5 ዶላር ብትሠሪ በወር 300 ዶላር ገደማ ነው። ከደንበኛ ጋር የሚያገናኝሽ ድረ ገጽ 10 በመቶ ቢቆርጥ 270 ይቀራል። ዶላሩን በ150 ብናስበው 40,500 ብር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ባንክ ዶላሩን በ57 ብር ገደማ ሲመነዝር ይኸው ገንዘብ 15 ሺህ ነበር። ሥራው ያው፣ ሰዓቱ ያው። አሁን ይሄን አውጥተሽ ለአለቃሽ ስትነግሪው «ጎበዝ» የሚልሽ ይመስልሻል? ከደሞዙ የሚበልጥ ገንዘብ ማታ በፒጃማ እንደምታገኚ ሲሰማ ነው የሚታመመው።

መንግሥት ሠራተኛ፦
በ2018 ዓ.ም. ከተጨመረ በኋላ እንኳን የዲግሪ ምሩቅ መነሻ ደሞዝ 11,500 ብር ነው። የቤት ኪራይ ከፍሎ የሚተርፈውን አስሉት። ዝም በይ እህቴ።

የሰው ኃይል ባለሙያ፦
ልጆች፣ ቀስ በሉ። እኔ ቅጥርና ዲሲፕሊን ላይ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ሌሊት ሠሪው ግማሹ ልክ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም ይላል። ከዚያ ውጭ ያለው ምሽት የእሷ ነው፤ ለማንም አልሸጠችውም። ግን ያው አዋጅ አንቀጽ 13 ላይ ሠራተኛው ሥራ ላይ ሲገኝ በአካልም በአእምሮም ብቁ ሆኖ እንዲገኝ ያስገድዳል። ይቺን ማንም አያነባትም።

አንድ ጊዜ አንድ ገንዘብ ያዥ 18,500 ብር የሚለውን ቼክ 185,000 ብሎ አዘጋጀ። ፈራሚው ባያየው ኖሮ ያልቅለት ነበር። ጠርተን ስንጠይቀው ሌሊቱን ሙሉ ለአንድ የውጭ ድርጅት ዳታ ሲያስገባ አድሯል። ያስቀጣው ማታ መሥራቱ አልነበረም፤ ጠዋት እንቅልፉን ይዞ መምጣቱ ነው። ቀድሞ ቢነግረን ቢያንስ ቼክ ላይ አናስቀምጠውም ነበር።

እና እህቴ፣ ውልሽን አንብበሻል? ከሕጉ በፊት እሱን ነው የምጠይቅሽ።

ሌሊት ሠሪው፦
እትዬ፣ በአክብሮት፣ ያ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ነው የሠራው። እሷ 4 ሰዓት ላይ ላፕቶፑን ትዘጋለች። 4 ሰዓት ላይ እኮ አብዛኛው ሰው ገና ድራማ እያየ ነው።

የዳላሱ፦
እኔ ከሌላኛው ወገን ልናገር፣ ቀጣሪው እኔ ነኝና። እዚህ ቴክሳስ ሦስት የጭነት መኪና አለኝ። ሎድ፣ ማለትም ጭነት፣ የምትፈልግልኝ፣ ከጭነት ደላሎች ጋር የምትጻጻፍልኝ፣ ኢንቮይስ የምትልክልኝ ልጅ አዲስ አበባ ናት። ቀን ባንክ ትሠራለች። መጀመሪያ አልነገረችኝም። «ሙሉ ጊዜዬን ነኝ» አለችኝ፣ አመንኳት።

አንድ ቀን ከመተኛቴ በፊት «ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ጭነት አለ፣ ለሹፌሩ ንገሪው» አልኳት። እኔ በሃበሻ ሰዓት ነው ያልኩት፤ ማለትም በፈረንጁ 9። እሷ ደግሞ «አሜሪካ ያለ ሰው በፈረንጅ ነው የሚያወራው» ብላ ካላንደሩ ላይ 3 ኤኤም ብላ ጻፈች። ሹፌሩ ጨለማ ውስጥ ሄዶ የተዘጋ በር ጠበቀ። ግራ ገብቶት ደወለላት። አላነሳችም፤ እዚያ ቀን ነው፣ እሷ ባንክ መስኮት ላይ ናት፣ ስልኳ መሳቢያ ውስጥ። እሱም ተናዶ መኪናውን ይዞ ቁርስ ፍለጋ ሄደ፤ እውነተኛው ቀጠሮ አለፈ፣ ሎዱ ለሌላ ተሰጠ።

የሰዓቱ ስህተት የሁለታችን ነው፣ እሱን ትቼዋለሁ። ያናደደኝ ስልኩ ነው። ቀን ሥራ እንዳላት ባውቅ ኖሮ ለሹፌሩ የራሴን ቁጥር እሰጠው ነበር። አሁን አውቃለሁ፤ ከእኔ ጋር የሚሆን ሁሉ በአዲስ አበባ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ነው፣ የሚጻፈው ሰዓት ሁሉ በፈረንጅ ነው፤ በሰላም እየሠራን ነው። ስለዚህ ለአለቃሽ መንገሩን አንቺ ታውቂያለሽ። ለደንበኛሽ ግን ንገሪ።

የሁለት ልጆች እናት፦
ሃሃ ሦስት ሰዓት! እኔም አንዴ የፈረንጅ ስብሰባ በዚሁ አምልጦኛል።
ለመሆኑ ስለ አለቃ ብቻ የምታወሩት ለምንድነው? እኔ ሁለት ዓመት ሠርቼ ተውኩት። አለቃዬ ያውቅ ነበር፣ ችግር አልነበረውም። ችግሩ ቤት ውስጥ ነው። መብራት ሲጠፋ ስልኬን ሆትስፖት አድርጌ፣ ላፕቶፑ 20 በመቶ ሲደርስ እጄ እየተንቀጠቀጠ እጽፋለሁ። ትንሿ ልጄ አጠገቤ ቆማ «እማ፣ ፈረንጇ ተኛች?» ትለኛለች። ደንበኛዬ ስትተኛ ተረት እንደምነግራት ታውቃለቻ። አንድ ማታ «ተኝታለች» ብላ ስክሪኑን ዘጋችብኝ።
የአምስት ዶላሩ ስሌት ውስጥ ይሄ የለበትም።

ሒሳብ አዋቂ፦
ሁላችሁም የዘለላችሁት አለ። ግብር። ከደሞዟ ላይ ቀጣሪው ቆርጦ ያስገባል፤ በ2017 በተሻሻለው ሕግ ከ14,000 ብር በላይ ያለው 35 በመቶ ነው። ከውጭ የሚመጣውን ግን ማንም አይቆርጥላትም። የኢትዮጵያ ነዋሪ ደግሞ ከውጭ ያገኘው ገቢም ግብር አለበት። ፔይፓል እዚህ ለመላክ እንጂ ለመቀበል ስለማይሠራ ብዙው ሰው ፔዮነር በሚባለው የክፍያ ድርጅት አድርጎ ባንክ ያስገባል። ባንክ የገባ ገንዘብ ዱካ አለው። በዘመድ አካውንት ማስገባት የሚባለውን ብልጠት ደግሞ አትሞክሪው፤ ዘመድሽን ጭምር ነው የምታስጠይቂው። ከአለቃሽ ብትደበቂ ከግብር አትደበቂም፤ ሄደሽ ጠይቂና ተመዝገቢ።

ሌሊት ሠሪው፦
ጋሼ እሱን ተቀብያለሁ። እውነት ለመናገር እኔም ገና አልተመዘገብኩም።

ሌላም ልናዘዝ። ባለፈው ወር መሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ ሆኜ ደንበኛዬ «አስቸኳይ» ብሎ ጻፈ። ሽንት ቤት ገብቼ 25 ደቂቃ ቆየሁ። ስወጣ ጸሐፊያችን «ሆድህን አሞህ ነው?» ብላ የዝንጅብል ሻይ አፍልታ ጠበቀችኝ። ሻዩን ስጠጣ አፈርኩ።

የሰው ኃይል ባለሙያ፦
በል ይኸው! አንተ ራስህ መለስክልኝ። ምሽትህን ማንም አይነካብህም። ያቺ 25 ደቂቃ ግን የተሸጠች ናት። ጠያቂዋ፣ አንቺስ በቢሮ ሰዓት ወይም በቢሮ ዕቃ ሠርተሽ ታውቂያለሽ? እውነቱን።

መንግሥት ሠራተኛ፦
ኧረ እትዬ፣ በቢሮ ሰዓት ፌስቡክ የሚያይስ? እሱን ማን ያስጠነቅቀዋል?

የሰው ኃይል ባለሙያ፦
እሱም ይጠየቃል። ግን ፌስቡክ አይከፍለውም።

ጠያቂዋ፦
እሺ፣ ተያዝኩ። ሁለት ጊዜ ሠርቻለሁ። ሰፈር መብራት ሲጠፋ ቢሮ አምሽቼ፣ በቢሮ ላፕቶፕ። የደንበኛዬ የስም ዝርዝር አሁንም ዴስክቶፑ ላይ አለ። ስልክ፣ አድራሻ፣ ቤት ለመግዛት ያሰቡት ገንዘብ፣ ሁሉም። ይሄን ስጽፍ ነው ገና የታየኝ፤ ለአለቃዬ ብቻ ሳይሆን ለእሷም የማልነግራት ነገር ነው።

ውሉንም አሁን ከመሳቢያ አውጥቼ አነበብኩት። ሦስት ዓመት ሙሉ ከፈረምኩ ወዲህ አልከፈትኩትም። አራተኛው ገጽ ላይ «ሠራተኛው ያለ ድርጅቱ የጽሑፍ ፈቃድ ክፍያ የሚያስገኝ ሌላ ሥራ በመደበኛ የሥራ ሰዓት አይሠራም» ይላል።

ሌሊት ሠሪው፦
በመደበኛ የሥራ ሰዓት! ይኸው፣ ማታው ያንቺ ነው። አላልኩም?

የሰው ኃይል ባለሙያ፦
ላፕቶፑ ግን የእነሱ ነው። ፋይሉን ዛሬውኑ አጥፊ። ከዚያ ለመናገር ከወሰንሽ አጭር ደብዳቤ ነው፤ ሥራው ምን እንደሆነ፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ከድርጅቱ ሥራ ጋር እንደማይገናኝ። የምታገኚውን ገንዘብ አትጻፊ። እሱ ለግብሩ ነው።

ሌሊት ሠሪው፦
ገንዘቡን አትጻፊ የሚለውን በአሥር ጣቴ እደግፋለሁ።

ጠያቂዋ፦
ሎስ አንጀለስ አሁን ጠዋት ነው፣ እየጠራችኝ ነው። ደብዳቤውን ነገ ጽፌ እዚህ አመጣዋለሁ፣ ቀይ እስክሪብቶ ያላችሁ ተዘጋጁ።