ታፔላዬን ለማስፈቀድ የት ልሂድ?

ሰላም ወገኖች። አራት ኪሎ አካባቢ ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት አለችኝ። ንግድ ፈቃዴ ታድሷል፣ የግብር ዕዳም የለብኝም። መላ ያጣሁት ለታፔላው ነው።

የድሮው ታፔላዬ በኮሪደር ልማቱ ጊዜ ወረደ። ለነገሩ ዝጎ ነበር። "ስፌት" ከሚለው ላይ "ስ" ረግፋ "ፌት" ብቻ ቀርታ ነበር። አዲስ ላይት ቦክስ አሠራሁ፤ ሁለት ሜትር በሰባ ሳንቲም። እሱም ይኸው በካርቶን ተጠቅልሎ ከመቁረጫ ጠረጴዛዬ ሥር ተኝቷል። ደንበኞቼ እየደወሉ "ዘጋሽ እንዴ?" ይሉኛል።

ወረዳ ስሄድ ክፍለ ከተማ ሂጂ አሉኝ። እዚያ ደግሞ ዲዛይን አምጪ፣ የአከራይ ስምምነት አምጪ። ሁሉንም አመጣሁ። በመጨረሻ ቀለሙ ከሕንፃው ጋር አይሄድም ተባልኩ። "ታዲያ የቱ ይሄዳል?" ስል መልስ የለም። አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ "ለኔ ተይው" ብሎኝ ነበር፤ ዋጋውን ስሰማ ታፔላው ራሱ ረከሰብኝ።

የማስታወቂያ አዋጁን፣ ቁጥር 759/2004ን፣ አይቼዋለሁ። የአገር ውስጡ ቋንቋ ከውጭው መቅደም ወይም ከላይ መሆን አለበት ይላል። የእኔም አማርኛው ከላይ ነው።

በቅርቡ መሃል ከተማ ላይ ያስፈቀዳችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ። የተፈቀደውን ቀለምና መጠን በጽሑፍ የሰጣችሁ አለ? በገዛ ሱቅ በር ላይ የሚሰቀል ስም እንደ ቢልቦርድ ያስከፍላል? ውድቅ ሲደረግስ ምክንያቱን በደብዳቤ ለመጠየቅ ለማን ነው የሚጻፈው? ማክሰኞ ተመልሼ እሄዳለሁ።