ለእናቴ የአሜሪካ ዜግነት ፈተና የሐኪም ማረጋገጫ (ኤን-648)፦ የመርሳት ችግሯን ለሐኪሙ እንዴት እናስረዳ?

ሰብለ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 71 ዓመቷ ነው፤ ግሪን ካርድ ካገኘች 6 ዓመት አልፏታል። ለዜግነት ልናመለክትላት ነበር፤ ግን ከአንድ ዓመት ተኩል ወዲህ መርሳቷ በጣም ብሷል። እንግሊዝኛ ትምህርት ብትጀምርም ምንም አልያዝ አላት። ኤን-648 የሚባለውን ቅጽ ሐኪም ከሞላላት ከፈተናው ነፃ ትሆናለች ተብያለሁ። የሚቀጥለው ሳምንት ከቤተሰብ ሐኪሟ ጋር ቀጠሮ አላት። ቅጹን እሷ መሙላት ትችላለች ወይስ የግድ የነርቭ ሐኪም ያስፈልጋል? ደግሞ "ትረሳለች" ስንላት "የዕድሜ ነው" ብላ ታልፈዋለች። ምን ብለን እንንገራት?

ዳዊት (አሌክሳንድሪያ)፦
መጀመሪያ ያለ ሐኪም ወረቀት የምታልፍበት መንገድ መኖሩን እይ። 50 ዓመት ሞልቶት 20 ዓመት፣ ወይም 55 ሞልቶት 15 ዓመት በግሪን ካርድ የኖረ ሰው እንግሊዝኛው ይቀርለትና የታሪክና የመንግሥት ጥያቄውን በአማርኛ፣ በአስተርጓሚ ይፈተናል። 65 ሞልቶት 20 ዓመት የኖረ ደግሞ የሚጠየቀው ተለይተው ከተቀመጡ 20 ጥያቄዎች ብቻ ነው። እናትሽ ገና 6 ዓመት ስለሆናት አንዱም አይመለከታትም፤ የቀረው ኤን-648 ነው።

መሙላት የሚችሉት አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ያላቸው ሦስት ዓይነት ባለሙያዎች ናቸው፦ ኤምዲ የሚባለው መደበኛ ሐኪም፣ ዲኦ የሚባለው የኦስቲዮፓቲ ሐኪም እና ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት። የነርቭ ሐኪም ግዴታ አይደለም። ነርስ ፕራክቲሽነር (እንደ ሐኪም የምታክም ከፍተኛ ሥልጠና ያላት ነርስ) ግን አትችልም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይወድቃል፣ ምክንያቱም ክሊኒኩ ውስጥ ሁሉንም "ዶክተር" እያልን ነው የምንጠራው። ሕመሙ 12 ወር የቆየ ወይም እንደሚቆይ የሚጠበቅ መሆን አለበት። ሐኪሙ የፈረመበት ቀንም ኤን-400 (የዜግነት ማመልከቻው) ከሚገባበት ቀን ከ180 ቀን በላይ መቅደም የለበትም።

ቅጹ የሚመለሰው አብዛኛውን ጊዜ ሐኪሙ የበሽታውን ስም ጽፎ ስለሚያበቃ ነው። የኢሚግሬሽን መኮንኑ ማወቅ የሚፈልገው በሽታው አዲስ ነገር መማርንና መያዝን እንዴት እንዳገዳት፣ በየትኛው ምርመራ እንደታወቀና መቼ እንደጀመረ ነው። "አርጅታለች"፣ "አልተማረችም" ብቻውን ምክንያት አይሆንም። ለግሪን ካርድ የተሞላው የጤና ምርመራ ቅጽም ከፋይሏ ውስጥ አለ፤ ያኔ ጤነኛ ተብላ ከሆነ ሕመሙ ከዚያ በኋላ መጀመሩን ሐኪሙ በግልጽ ይጻፍ።

ሲስተር ሂሩት፦
ስለ አነጋገሩ እኔ ልመልስ። ሰብለ፣ "ትረሳለች" ለሐኪም ምንም አይነግረውም። ድሮ ትሠራው የነበረውንና አሁን ያቃታትን ነው መንገር፦ "ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችውን ወጥ ቅመሙን ሳትጨምር ታወጣዋለች"፣ "የበላችውን ረስታ ምሳ አልበላሁም ትላለች"፣ "የምታውቀው መንገድ ይጠፋባታል"፣ "መድኃኒቷን ሁለት ጊዜ ትውጣለች"። መቼ እንደጀመረ፣ ቀስ በቀስ ይሁን በድንገት፣ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚደርስ አንድ ገጽ ላይ ጽፈሽ ስጪው። ከሁለትና ሦስት ቀን ወዲህ በድንገት የመጣ መቃዠት ከሆነ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚህ ዕድሜ የሽንት ኢንፌክሽን ብቻውን ሰውን ያቃዣል። ፊቷ ከተጣመመ፣ አንድ እጇ ከዛለ ወይም ንግግሯ ከተንተባተበ ወዲያው 911 ነው። በስትሮክ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ደህና ሆና ከታየችበት የመጨረሻ ሰዓት ጀምሮ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ ያንን ሰዓት ያዙ።

ሌላ ሕመም ካላትም "ነርቭ አለባት" የሚለውን የተለመደ አባባል ተዉት። አንዱ አስተርጓሚ የነርቭ በሽታ ያደርገዋል፣ ሌላው ቁጡ ናት ብሎ ይተረጉመዋል። የሚሰማትን ለይታችሁ ንገሩት፦ ይደነዝዛታል? ይወራታል? ያቃጥላታል? እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝራታል? የቱ እግር፣ እስከ የት? "ራሴን ያዞረኛል" ካለችም ቤቱ እየዞረባት ነው፣ ስትነሳ ዓይኗ እየጨለመ ነው፣ ወይስ ስትራመድ ሚዛን እያጣች ነው? ሦስቱም የተለያየ ምርመራ ነው የሚያስፈልጋቸው።

አስተርጓሚ ክሊኒኩ በነፃ ማቅረብ አለበት፤ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሁሉ ይህ ግዴታው ነው፣ "ሰው ይዛችሁ ኑ" ማለት አይችልም። ቀጠሮ ስታረጋግጪ አማርኛ ብለሽ ፊደሉን በእንግሊዝኛ ቁጠሪላቸው፤ አለበለዚያ ስልኩ ላይ የአረብኛ አስተርጓሚ ይመጣል።

ሰብለ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሲስተር። የማስታወስ ፈተና ይሰጣታል ብለውኛል። እንዴት ያለ ነው?

ሲስተር ሂሩት፦
ብዙ ጊዜ ሞካ የሚባለው ነው፤ ከ30 ነው የሚታረመው፣ 26 እና በላይ ደህና ይባላል። 12 ዓመት ወይም ከዚያ በታች ለተማረ 1 ነጥብ ይጨመራል። ለእኛ እናቶች የሚያስቸግር ቦታ አለው። ሰዓት ሥለሽ አስራ አንድ ከአስር ላይ አድርጊው ይላል። አስተርጓሚው ቃል በቃል "አስራ አንድ ሰዓት ከአስር" ካለ፣ በእኛ አቆጣጠር የለመደች እናት አጭሩን ቀስት 5 ላይ ታደርገዋለች። ለእሷ ትክክል ናት፤ ሐኪሙ ግን ስህተት ብሎ ይመዘግባል። መባል የነበረበት "አምስት ሰዓት ከአስር" ነው። ቀኑን፣ ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን ሲጠይቅም እንደ እኛ አቆጣጠር ብትመልስ ሦስት ነጥብ ታጣለች። ስለዚህ ገና ሳይጀመር ለሐኪሙ ንገሪው፦ ሰዓታችን በ6 ይለያል፣ ዓመቱ በ7 ወይም በ8። መልሷ በራሷ አቆጣጠር ልክ መሆኑን አስተርጓሚው ይንገረው።

ካልተማረች ሞካ አይመዝናትም፤ ፊደል ማወቅ የሚጠይቁ ክፍሎች አሉት። ሩዳስ የሚባለውን የማስታወስ ፈተና ጠይቂ፤ በ2004 አውስትራሊያ ውስጥ ከተለያየ አገርና ቋንቋ ለመጡ ሰዎች ታስቦ የተዘጋጀ ነው፣ ቀንና ዓመት አይጠይቅም። ከ30 ውስጥ 22 እና በታች ከሆነ ተጨማሪ ምርመራ ይፈለጋል። የቫይታሚን ቢ12፣ የታይሮይድ እና የራስ (የጭንቅላት) ምስል ምርመራም ይታዘዝላት። ያለ ሐኪም ትዕዛዝ የሚገዛውን ዲፌንሃይድራሚን ያለበት የእንቅልፍ ክኒን ትውጥ እንደሆነ እይ፤ አረጋውያንን ያደናግራል። ጆሮዋንም አስመርምሪ።

ጋሽ መኮንን፦
ልጆቼ፣ ሁላችሁም በሽታ ፍለጋ ገባችሁ። እዚህ አገር እናት ከጠዋት እስከ ማታ አራት ግድግዳ ስታይ ትውላለች፤ ጎረቤት የለ፣ ቡና አጣጪ የለ፣ ልጅ ሥራ ላይ ነው። ይሄ ናፍቆት ነው። አገር ቤት ወስዳችሁ ስድስት ሰባት ወር ከእህቶቿ ጋር ትክረም፤ ጸበሏን ትጠመቅ፤ ራሷ ትመለሳለች።

ዳዊት፦
ጋሼ፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ቁጥሩ ግን ያበላሻታል። ከ6 ወር በላይ አገር ቤት ከቆየች ያለማቋረጥ የኖረችበት ጊዜ እንደተቋረጠ ይገመትና አልተቋረጠም ብላ ማስረዳት የእሷ ፈንታ ይሆናል። አንድ ዓመት ከሞላ ከነጭራሹ ይቋረጣል። ካለፉት 5 ዓመታትም ቢያንስ 30 ወር እዚህ በአካል መገኘት አለባት። ከሄደች ከሁለት ከሦስት ወር አትለፍ፤ መድኃኒቷን ለመላው ጊዜ ይዛ ትሂድ።

ሲስተር ሂሩት፦
ጋሼ ያነሱትን ግን አንተወው። ድባቴ መርሳትን ይመስላል፤ ያደክማል፣ ያስረሳል፣ ሲታከም ይሻላል። ሐኪሙ ፒኤችኪው-9 በሚባለው የድባቴ መጠይቅ ያጣራ፤ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት የሚመለከቱ ዘጠኝ ጥያቄዎች ናቸው፣ እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 3። "ድባቴ አለብሽ ወይ" ብለሽ አትጠይቂያት፤ "ሌሊት ምን ያህል ትተኚያለሽ? ምግብ ይጥምሻል? ደስ የሚልሽ ነገር አለ?" በያት። ዘጠነኛው ስለ ሞትና ራስን ስለመጉዳት ይጠይቃል፤ አንዳንድ አስተርጓሚ አፍሮ "ከፍቶሽ ያውቃል?" ብሎ ያልፈዋል። እናቶቻችን "እግዜር ይውሰደኝ" ሲሉ ልማድ ይሆናል ብሎ መተውም አይገባም፤ እንዳለችው ይተርጎም፣ ሐኪሙ ራሱ ይጠይቅ።

ፍቅርተ (ዳላስ)፦
ይቅርታ ከርዕሱ ወጣሁ። ደሴ ያለ ዘመዳችን የሚጥል በሽታ አለበት፤ ፌኖባርቢታል ነው የሚወስደው። ከዚህ ገዝቶ መላክ ይቻላል? በየወሩ ገንዘብ ስንልክ አንዳንዴ ይዘገያል።

ሲስተር ሂሩት፦
ፌኖባርቢታል እዚህ ቁጥጥር ያለበት መድኃኒት ነው፤ በፖስታ አይላክም። በየወሩ ከምትልኩ የሦስት ወሩን ገንዘብ አንድ ላይ ከነትራንስፖርቱ ላኩ፤ እጁ ላይ ሁልጊዜ የአንድ ወር ትርፍ ይኑረው። በድንገት ካቆመው ሕመሙ እየተከታተለ ሊመጣበት ይችላል። ሲጥለው ክብሪት ማሽተት፣ ማንኪያ አፍ ውስጥ ማስገባት ይቅር፤ በጎኑ አስተኝታችሁ ሰዓት ያዙ፣ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ጤና ጣቢያ።

ዮናስ፦
እኔ ግን ይሄ ሁሉ ለምን እላለሁ። እናትየዋ በሚጠየቁት ሁሉ "አላውቅም" ይበሉ፤ የሚፈርም ሐኪም ሞልቷል፣ ከፍሎ መገላገል ነው።

ዳዊት፦
ዮናስ፣ እንዲህ ያለ ምክር ነው ሰውን የሚጎዳው። ቅጹን ሐኪሙም እናትየዋም በሐሰት ቢምሉ በሕግ እንደሚያስጠይቃቸው አውቀው ነው የሚፈርሙት። በውሸት የተገኘ ዜግነት ከዓመታት በኋላም ይነጠቃል። ሴትየዋ በእውነት ታመዋል፤ ለእውነተኛ በሽታ የሐሰት መልስ ምን ያደርግላቸዋል? በሁሉም ላይ "አላውቅም" ካሉ ሐኪሙ ራሱ ሆን ብለው ነው ብሎ ሊጽፍ ይችላል።

ዮናስ፦
አንተ ሁሉን በሕግ ታየዋለህ። 71 ዓመት ሞልቷቸው ፈተና መቀመጣቸው ራሱ ግፍ ነው። እኔ ያልኩት ያንን ነው።

ጋሽ መኮንን፦
በዚህስ እውነቱን ነው። ዕድሜን የማያይ ሕግ ምን ይሉታል?

ዳዊት፦
ግፍ ነው ብሎ መከራከር አንድ ነገር ነው ጋሼ፤ እናትየዋን ለሐሰት ማስፈረም ሌላ ነው። ሁለቱ አይቀላቀሉ።

ሰብለ፦
አሁን የክሊኒኩን ካርድ አየሁት። "ዶክተሯ" ነርስ ፕራክቲሽነር ነች። ቀጠሮውን ልሰርዝ?

ዳዊት፦
አትሰርዥው። ደምና የራስ ምስሉን እሷ ታዝዛለች፤ የማስታወስ ፈተናውም መዝገብ ውስጥ ይግባ። ከዚያ እዚያው ክሊኒክ ካለ ኤምዲ ሐኪም ጋር አዲስ ቀጠሮ ጠይቂ፤ ራሱ ማየት አለበት፣ የእሷን ማስታወሻ ብቻ አይቶ መፈረም የለበትም። ከሌለ ወደ ነርቭ ሐኪም ሪፈራል ውሰጂ። ኤን-400ን እስከዚያ አታስገቡ።